መምህሩ ሲሄድ ትምህርቱም አብሮ ይሄዳል?

ይህን ጽሑፍ የምንጽፍላችሁ ከጅቡቲ ከተማ፣ ከራስ ዲካ ሰፈር ነው። እዚህ በአንዲት ጠባብ ክፍል አርብ አርብ ከሰዓት በኋላ ተሰብስበን መጽሐፍ ቅዱስ እናጠናለን። ከመካከላችን ዩኒቨርሲቲ ጀምረን ያቋረጥን መምህራን አለን፤ በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶች አሉ፤ የቀን ሥራ የሚሠሩ ወንድሞችም አሉ። ኦርቶዶክስም ፕሮቴስታንትም አለን። አገር ቤት ብንሆን ኖሮ ምናልባት አንድ ላይ አንቀመጥም ነበር፤ በስደት ግን አንዲት ክፍልና አንድ ቬንቲላተር ለሁላችንም ይበቃሉ።

የሚያስተምረን አንድ ወንድማችን ነበር። አገር ቤት ሳለ ሁለት ዓመት የነገረ መለኮት ትምህርት ተምሯል፤ ግዕዝም ያውቃል። እሱ ይናገራል፣ እኛ እንሰማለን። ባለፈው ዓመት ፕሮሰሱ አልቆለት ወደ ሦስተኛ አገር ሄደ። ደስ አለን፤ ሸኘነው። በሚቀጥለው አርብ ዘጠኝ ሆነን ተገናኘን፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ አራት ቀረን። አንዱ ወንድማችን «ሌላ አዋቂ እስኪመጣ ለምን አናቆመውም?» አለ። ሌላው ደግሞ «ድሮም ቢሆን ሰርተፊኬት የለው፣ ምን ይጠቅመናል?» አለ።

በካምፕ የምታስተምሩ ጓደኞቻችን ይህን ታሪክ በደንብ ታውቁታላችሁ። ጎበዙ መምህር ፕሮሰሱ ያልቅለታል፣ ወይም የተሻለ ሥራ ያገኛል፣ ክፍሉ ባዶ ይቀራል። ስለዚህ ጥያቄውን ወደ ታሪክ ወሰድነው። ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች መምህር ሲያጡ ምን አደረጉ? የምናወራው ስለ ክርስቲያኖች ቢሆንም ጉዳዩ የሁሉም ነው። ሙስሊም ተማሪዎቻችን በወሎም በሐረርም ደረሳዎች በሼኩ ዙሪያ ተቀምጠው እንዴት እንደሚቀሩ ከእኛ በላይ ያውቃሉ።

ለካህን ብቻ የነበረ ትምህርት

በአገራችን ነገረ መለኮት ዛሬ የተጀመረ አይደለም። የቆሎ ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት፣ ከዚያም ወደ መጽሐፍ ቤት ይሄዳል። እስኪጨርስ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። ነገር ግን በዚህ ትምህርት ውስጥ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። የኔታ ብቻቸውን አያስተምሩም። ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል፤ ማታ ማታ ተማሪዎቹ እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። ማለትም ትልቁ ትምህርት ቤት ራሱ በውስጡ ትንንሽ ቡድን ነበረው።

ችግሩ ይህ ትምህርት በአብዛኛው ካህን፣ መሪጌታ ወይም ደብተራ ለሚሆነው የተዘጋጀ መሆኑ ነው። ገበሬው፣ ነጋዴው፣ እናቶች ምን ነበራቸው? ጽዋ ማኅበርና ሰንበቴ ነበራቸው። በወር አንድ ቀን በመልአኩ ወይም በጻድቁ ስም ተሰብስበው ዳቦና ጠላ ይቀርባል፣ ቄሱ ይጸልያሉ፣ የታመመ ይጠየቃል፣ የተጣላ ይታረቃል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሰውን አንድ ላይ የማስቀመጥ ልማድ ያቆየልን እሱ ነው። መጽሐፉ ግን በግዕዝ ነበር። ምእመኑ የሚሰማው እንጂ ራሱ ገልጦ የሚጠይቀው አልነበረም።

ካይሮ፦ ማክሰኞና ቅዳሜ

መጽሐፉ ሙሉ በሙሉ ወደ አማርኛ የተተረጎመው አገር ቤት አይደለም። ይህን ስንት ሰው ያውቃል? የተተረጎመው በካይሮ ነው፤ ተርጓሚውም ከአገሩ የወጣ አንድ የጎጃም ሰው ነው። ስሙ አቡ ሩሚ ይባላል። በ1750 አካባቢ (እ.ኤ.አ.) እንደተወለደ ይነገራል። ብዙ አገር ዞሯል፤ እስከ ሕንድ ድረስ ደርሷል። ካይሮ ሲደርስ የፈረንሳይ ቆንስላ ባለሥልጣን የነበረው አሰላን ደ ሸርቪል አገኘው፤ በታመመ ጊዜም ረዳው።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሥራ ጀመሩ። ለአሥር ዓመት ያህል በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ በሩ ለእንግዳ ይዘጋል። ሁለቱ ሰዎች የዐረብኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ቁጥር በቁጥር ቀስ ብለው ያነባሉ፤ ያልገባቸውን ከዕብራይስጡ፣ ከሱርስቱና ከግሪኩ እያመሳከሩ ይወያያሉ፤ አቡ ሩሚም በአማርኛ ይጽፋል። በመጨረሻ ከ9,500 በላይ ገጽ የእጅ ጽሑፍ ሆነ። አቡ ሩሚ በ1819 አካባቢ በወረርሽኝ ሞተ። በሚቀጥለው ዓመት ዊልያም ጆዌት የተባለ እንግሊዛዊ ለብሪታንያና የውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው። አራቱ ወንጌላት በ1824፣ አዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 ታተመ።

እንግዲህ አስቡት። ተርጓሚው የታተመውን አላየም። ኮሌጅ የለም፣ ዲፕሎማ የለም፣ ደጋፊ ድርጅት የለም። የነበረው ሁለት ሰው፣ አንድ መጽሐፍና በሳምንት ሁለት የተወሰነ ቀን ነው። እኛ «አራት ብቻ ቀረን» ስንል ይህን አናውቅም ነበር።

እምኩሉ፦ ከባርነት የወጡ ልጆች

ሁለተኛው ታሪክ ለእኛ ለስደተኞች ይበልጥ ይቀርባል። የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ሰዎች በ1866 (እ.ኤ.አ.) ምጽዋ ደረሱ። ከምጽዋ ወጣ ብሎ ባለው እምኩሉ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ወደዚያ ከመጡት አንዳንዶቹ ከባርያ ነጋዴ እጅ የወጡ ልጆች ነበሩ። አንዱ ኦነሲሞስ ነሲብ ነው። በ1856 አካባቢ በኢሉባቦር ተወለደ፣ ገና ሕፃን ሳለ ተሸጠ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ምጽዋ ደረሰ፣ በ1870 ነፃ ወጣ። በ1872 ተጠመቀ፤ በኋላም ስዊድን ሄዶ ተማረ። ወደ አገሩ ሊመለስ ደጋግሞ ሞከረ፣ መንገዱ ተዘጋበት። ታዲያ መንገዱ እስኪከፈት እጁን አጣምሮ አልተቀመጠም። እዚያው እምኩሉ ሆኖ መተርጎም ጀመረ።

ቋንቋው ግን አስቸገረው። በሕፃንነቱ ከወገኖቹ ስለተለየ ብዙ ቃል አያውቅም ነበር። የረዳችው አስቴር ጋኖ የተባለች ወጣት ናት። እሷም በባርነት ተሽጣ በ1886 ከመርከብ ላይ ነፃ የወጣች ነበረች። የኦሮምኛ ችሎታዋ ድንቅ ነበር፤ ለመዝገበ ቃላት ቃላት ሰበሰበች፣ ወደ አምስት መቶ የሚሆኑ ተረቶች፣ እንቆቅልሾች፣ ምሳሌያዊ ንግግሮችና ዘፈኖች ከትዝታዋ ጻፈች። ከነዚህም ብዙዎቹ በ1894 እምኩሉ ላይ በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። አዲስ ኪዳን በ1893 እዚያው እምኩሉ ታተመ፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ በግዕዝ ፊደል ታተመ። በ1904 ኦነሲሞስና ጓደኞቹ ወለጋ፣ ነቀምት ገቡ፤ ትምህርት ቤትም ከፈቱ። ኦነሲሞስ በ1931 እስኪሞት እዚያው አስተማረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። በዚያ ቡድን የተማረው ኦነሲሞስ ነው፤ ውጭ አገር ደርሶ የመጣው እሱ ነው። ነገር ግን እሱ የሌለውን አስቴር ነበራት። እሱ «እኔ አዋቂ ነኝ፣ እናንተ ስሙ» ቢል ኖሮ ሥራው ባልተሠራ ነበር። በእኛ ክፍል ውስጥስ ስንት አስቴር ዝም ብላ ተቀምጣ ነበር?

በሩ ሲዘጋ

መምህር በግድ ሲነጠቅ ምን ይሆናል? ወላይታ ይህን ቀምሶታል። የሱዳን ኢንተሪየር ሚስዮን ሰዎች በ1928 (እ.ኤ.አ.) ወላይታ ገቡ፤ ጣሊያን ከወረረ በኋላ በ1937 ከአገር ተባረሩ። በሚስዮኑ መዝገብ መሠረት በወላይታ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ነበሩ። በቋንቋቸው የተተረጎመ የመጽሐፍ ክፍልም ጥቂት ነበር። መሪዎቻቸው ታሰሩ፣ ተገረፉ። ሚስዮናውያኑ ከጣሊያን መባረር በኋላ ሲመለሱ አማኙ ወደ 10,000 ደርሶ እንዳገኙት ጽፈዋል። ማንበብ የሚችለው ለማይችለው ያነብ ነበር፤ የሰማው ደግሞ ለሌላ መንደር ይናገር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አለች። በጥር 1974 ዓ.ም. ደርግ አዳራሾቿን ሁሉ ዘጋ፣ ንብረቷን ወረሰ፣ መሪዎቿን ያለ ፍርድ ለዓመታት አሰረ። በዚያን ጊዜ አባሎቿ ወደ 5,000 ይጠጋሉ። ምእመናኑ ወደ ቤት ገቡ። በአንድ ቤት ከአምስት እስከ ሰባት ሰው ይሰበሰባል፤ ቦታና ሰዓት ይቀያየራል፤ መዝሙሩ በለሆሳስ ነው። ብዙ ቡድኖችን የመሩት ሴቶች ነበሩ። ቤቱ የእነሱ ነው፤ ጎረቤት ቡና ለመጠጣት መጣ ቢባል ማን ይጠረጥራል? ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ አባላቱ ወደ 34,000 ደርሰው ነበር።

ይህን ቁጥር ስንሰማ መጀመሪያ ተደነቅን። በኋላ ግን ከመካከላችን አንዷ «ታዲያ በጭቆና ጊዜ እንዲህ ካደጉ ኮሌጅ ለምን ከፈቱ?» ብላ ጠየቀች። ጥሩ ጥያቄ ነው። ነፃነት ሲመጣ ብዙ ሺህ አዲስ አማኝ አለ፣ የሠለጠነ አስተማሪ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በ1994 (እ.ኤ.አ.) የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ጀመሩ፤ በኋላም ኮሌጅ ሆነ፤ ቢሾፍቱም ገባ። ትንሹ ቡድን ሕይወት ያቆያል፤ ለጥያቄ ሁሉ መልስ ግን አይኖረውም። የተማረ ሰው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሁለቱን አንዱን ከአንዱ ጋር ማጣላት አያስፈልግም።

ብላቴ

በኦርቶዶክስ ወገን ደግሞ ብዙ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን የሚያውቁት ታሪክ አለ። የቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ኮሌጅ በደርግ ዘመን ተዘግቶ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እምነታቸውን በዘመናዊ መንገድ የሚማሩበት ቦታ ጠፋ። የሸዋ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት አቡነ ጎርጎርዮስ ግን ዝዋይ ላይ በክረምት ወጣቶችን ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። እሳቸው በ1982 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ዐረፉ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1983 ዓ.ም.፣ መንግሥት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለውትድርና ሥልጠና ወደ ብላቴ ወሰዳቸው። ከተለያየ ግቢ የመጡ ተማሪዎች እዚያ ተገናኙ። በጦር ካምፕ ውስጥ፣ ነገ ወደ ግንባር እንላካለን ብለው እየጠበቁ፣ አብረው መጸለይና መማማር ጀመሩ።

መንግሥቱ ወደቀ፣ ተማሪዎቹም ተበተኑ። ትውውቁ ግን አልተበተነም። በዝዋይ የተማሩትና በብላቴ የተገናኙት ከሌሎች ጋር ሆነው በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳንን መሠረቱ። ከዚያ በኋላ በየዩኒቨርሲቲው «ግቢ ጉባኤ» የሚባለው ጥናት ተስፋፋ። ምሕንድስና የሚያጠናው፣ ሕክምና የሚያጠናው፣ ሁሉም ከቀለም ትምህርቱ ጎን ለጎን ሃይማኖቱን በሥርዓተ ትምህርት ይማራል። ካህን ሊሆን አይደለም፤ አውቆ ሊያምን ነው። ከእኛም መካከል ዩኒቨርሲቲ ሳለን ግቢ ጉባኤ የተማርን አለን። ዲግሪያችንን አልጨረስንም፤ ከዚያ ጉባኤ ያገኘነውን ግን ድንበር ስንሻገር ይዘነው መጥተናል።

የአጥሩ ምሳሌ

እስኪ ከአገራችን ወጣ እንበል። በጓቲማላ አንድ የፕሬስቢቴሪያን ሴሚናሪ ነበር። ወጣቶችን ከገጠር ወደ ዋና ከተማ አምጥቶ ያስተምራል። ከጊዜ በኋላ ሲቆጠር ከተማሩት ውስጥ በአገልግሎት ላይ የተገኙት በጣም ጥቂት ሆኑ። ወጣቱ ከተማ ለምዶ ወደ መንደሩ አይመለስም። በመንደሩ ያለው እውነተኛው መሪ ደግሞ ባለትዳር፣ ባለ እርሻ፣ የልጆች አባት ነው፤ ሁሉን ጥሎ ወደ ከተማ ሊመጣ አይችልም። ስለዚህ በ1963 (እ.ኤ.አ.) ራልፍ ዊንተር፣ ጄምስ ኤመሪና ሮስ ኪንዝለር የተባሉት መምህራን ነገሩን ገለበጡት። ተማሪው ወደ ሴሚናሪው ከሚመጣ ሴሚናሪው ወደ ተማሪው ይሂድ አሉ። ተማሪው ቤቱ ሆኖ የተዘጋጀለትን መጽሐፍ ያጠናል፤ መምህሩ በሳምንት አንዴ በአቅራቢያው ወዳለ ማእከል ይመጣል፤ ተሰብስበው ይወያያሉ። ስድስተኛ ክፍል ለጨረሰም ከዚያ በላይ ለተማረም እንደየደረጃው ተዘጋጀ። ይህ ዘዴ በዓለም ተሰራጭቶ አፍሪካም ገባ፤ አገር ቤት ያሉ አገልጋዮች «ቲ.ኢ.ኢ.» ይሉታል።

የትምህርት ምሁሩ ቴድ ዋርድ ዘዴውን በእንጨት አጥር መሰለው። አጥሩ ሁለት አግዳሚ እንጨት አለው። አንዱ ሰው ብቻውን የሚያነበው ነው፤ ሁለተኛው በየቀኑ የሚሠራው ሥራና የሚኖረው ኑሮ ነው። እነዚህን ሁለት አግዳሚዎች አያይዘው የሚያቆሙት ቋሚዎች ደግሞ በየጊዜው ተገናኝቶ መወያየት ነው። ቋሚው ከሌለ አግዳሚው መሬት ላይ ይወድቃል። አግዳሚው ከሌለ ደግሞ ቋሚው ብቻውን የተተከለ ግንድ ነው።

ይህን ስናነብ የራሳችን ጉድለት ታየን። የእኛ አርብ ቋሚ ብቻ ነበር። ቤት ውስጥ የምናነበው አልነበረም፤ የሰማነውን ከሥራችን ጋር አላገናኘነውም። ወንድማችን ጥሩ መምህር ነበር፤ ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም። ሁሉንም በእሱ ላይ ጥለን መቀመጥ ቀሎን ነበር። ስለዚህ እሱ ሲሄድ ሁሉም ነገር አብሮት የሄደ መሰለን።

ወደ ራስ ዲካ ስንመለስ

አሁን ምን እያደረግን ነው? ትልቅ ነገር አይደለም፤ ግን እንንገራችሁ። አንደኛ፣ በሳምንቱ ውስጥ ሁሉም አንድ ምዕራፍ አንብቦ ይመጣል፤ ማንበብ የማይችል ሰው የሚያነብለት ጓደኛ ይመደብለታል። ሁለተኛ፣ መሪው በየሳምንቱ ይቀያየራል፤ የመሪው ሥራ መልስ መስጠት ሳይሆን ሦስት ጥያቄ ይዞ መምጣት ነው። ሦስተኛ፣ ያልተስማማንበትን ወይም ያልገባንን በደብተር እንጽፋለን፤ የተማረ ሰው ስናገኝ፣ ካህንም ይሁን ፓስተር፣ እንጠይቃለን። እንደፈለግን ተርጉመን አናልፍም። አራተኛ፣ አርብ ከሰዓት ጫት የሚቃምበት ሰዓት ስለሆነ ለወንዶቹ ከባድ ነው፤ ለእህቶች ግን ከአሠሪያቸው ፈቃድ የሚያገኙበት ብቸኛ ሰዓት ነው። ስለዚህ ሰዓቱ አይቀየርም ብለናል።

ባለፈው ወር አንዲት እህታችን መራች። በሰው ቤት ነው የምትሠራው፤ ማንበብ የለመደችው እዚሁ ጅቡቲ መጥታ ነው። እያንዳንዱን ቃል ፊደል በፊደል ነበር የምታነበው። መጀመሪያ ትዕግሥት አልቆብን አንዳችን ልናነብላት ጠየቅናት። «ተዉኝ፣ እኔ ቀስ ብዬ ሳነብ እናንተም ቀስ ብላችሁ ትሰማላችሁ» አለች። እውነትም ሰማን። ከዚህ በፊት አሥር ጊዜ ካነበብነው ምዕራፍ ውስጥ አይተነው የማናውቀውን ቃል እሷ ቆማበት ጠየቀችን። መልሱን አናውቀውም ነበር፤ ደብተሩ ላይ ጻፍነው።

ስለ ሰርተፊኬቱም ዝም ብለን አናልፍም። የሰው ድካም በወረቀት መረጋገጡ ትልቅ ነገር ነው፤ ወረቀት አጥተን በየቢሮው የተጉላላን እኛ ይህን አንክድም። በታኅሣሥ 2017 (እ.ኤ.አ.) የኢጋድ አገሮች እዚሁ ጅቡቲ ተሰብስበው የስደተኛ ልጆች በየአገሩ መደበኛ ትምህርት ውስጥ እንዲገቡ የተስማሙት ለዚህ ነው። ልጆቻችን ያንን ይያዙ። ለትልልቆቹ ግን፣ በተለይ ወረቀት ለማያስፈልገው ትምህርት፣ ሰርተፊኬት እስኪመጣ መጠበቅ ዓመቱን በከንቱ መጨረስ ነው። አቡ ሩሚ ሰርተፊኬት ቢጠብቅ ኖሮ ዛሬ ምን እናነብ ነበር?

የካምፕ መምህራን ሆይ፣ እናንተም የሂሳብ ይሁን የፈረንሳይኛ ክፍል ስታስተምሩ ይህን ሞክሩት። እናንተ ብትሄዱ ነገ ክፍሉን የሚይዙ ሦስት ተማሪዎች ዛሬ አሏችሁ? ከሌሏችሁ ፕሮሰሳችሁ ከማለቁ በፊት አዘጋጇቸው። ተማሪዎችም፣ መምህር ቀረ ብላችሁ ወደ ቤት አትሂዱ፤ ክበብ ሠርታችሁ ተቀመጡ፣ የሚያውቅ ይጠይቅ፣ የማያውቅም ይጠይቅ።

በእኛ ክፍል አሁን ስድስት ሰው አለ። አንዳንድ አርብ አምስት እንሆናለን። የሄደው ወንድማችን በስልክ «አሁን ማን ያስተምራችኋል?» ብሎ ጠየቀን። ለጊዜው የምንመልስለት ስም አልነበረንም። ከደብተራችን ሰባት ጥያቄ መርጠን ላክንለት፤ መልሱን እየጠበቅን ነው።

ቸር ያሰማን።